ለጋሽ ሎምባሞ ብድግ ያልኩ ዕለት

ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሳ ሰው ባየሁ ቁጥር እታዘብ ነበር። አሁን አልታዘብም። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ። ነገሩ ስለ ጥይት ነው፤ ጥይት የማይወድ አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ፣ እኔም ወድጄው አላውቅም።

ያን ጊዜ ጆሃንስበርግ፣ ራንድበርግ ሰፈር የምኖር ፋርማሲስት ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ከመስታወት ጀርባ ቆሜ ክኒን እቆጥራለሁ፣ የቆጠርኩትን ደግሜ እቆጥራለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች «ዶክተር» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም እያልኩ ማረም ከሰለቸኝ ቆይቷል። ባለቤቴ ሠናይት የሕጻናት ክፍል ነርስ ናት። ኮሮና ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ማለዳ ከሥራ ስትመለስ፣ በራችን ላይ ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ደግነውባት መኪናዋን ወሰዱ። አንድ ጭረት እንኳ አልነካትም። ግን ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ወትሮዋ አላወራችም፤ ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ «ሽጉጥ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«እኛ ሽጉጥ ምን ያደርግልናል?»

«ለዚያ ለዘረፈኝ ሰውዬ ምን አደረገለት? መኪናዬን አስገኘለት» አለች።

ሥልጠናውን ወሰድን፣ ተፈተንን፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጋግመን ተመላለስን፣ ወራት ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ሽጉጥ በሁለታችን ስም ተፈቀደልን፤ ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ ካዝናም ገዛን። አሠልጣኟ «በየጊዜው የማትተኩሺበት ሽጉጥ ባይኖርሽ ይሻላል» ብሏት ስለነበር በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለ የተኩስ ሜዳ እንሄድ ጀመር። አንዱን ቅዳሜ እሷ፣ ሌላውን እኔ። እውነቱን ለመናገር ከኔ እሷ ትሻላለች።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ አገሩ ተዘጋ። ሲከፈት ጥይት ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። ሲገኝም «ለአንድ ሰው አንድ ፓኮ» ሆነ። ሠናይት ልምምዱ ሲቋረጥባት እንቅልፏም አብሮ ይቋረጥ ጀመር። በየማለዳው በራችን ላይ መኪናዋን አቁማ ዙሪያዋን ለረጅም ጊዜ እያየች እንደምትቀመጥ በመስኮት አያለሁ። ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው።

የተተኮሰ ቀለህ፣ ባዶው የጥይት ቀፎ፣ አይጣልም። ባሩዱን የሚያቀጣጥል አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣ አዲስ አረር ካገኘ መልሶ ጥይት ይሆናል። ይህን የሚሠራው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር እጀታ ያለው መኪና ነው፤ እዚህ ፕሬስ ይሉታል። የሽጉጥ ፈቃድ ያለው ሰው ለራሱ መሙላት ይችላል፣ መሸጥ አይችልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩና አንድ ቀን ከሥራ መልስ ኦም ኩስ ወደሚባሉ ሰው የጦር መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ።

ኦም ማለት በቦሮቹ፣ በዚህ አገር ነባር ነጮች፣ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። ሽማግሌን በባዶ ስሙ አይጠሩትም፤ በዚህ እኛን ይመስላሉ። ኦም ኩስ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ የሚያደርጉ፣ ሱቃቸው ውስጥ ከሚሸጡት የሚመክሩት የሚበዛ ሰው ናቸው።

«ስንት ትተኩሳላችሁ?» አሉኝ።

«በሁለት ሳምንት አንድ መቶ።»

«እንግዲያው ይቺ ትበቃሃለች» ብለው አንዲት ድንቡሽ ያለች ብረት ከመደርደሪያ አወረዱ። «አንድ ቀለህ፣ አንድ ሥራ። መጀመሪያ ሁሉንም ታጸዳለህ፣ ከዚያ ለሁሉም መለኮሻ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ባሩድ ትሞላና በመብራት ውስጣቸውን ታያለህ። ቀርፋፋ ናት። ሰው የሚማረው በቀርፋፋ ነው።»

እኔ ግን ልቤ ቪዲዮው ላይ ካየሁት ጋ ነበር። ፕሮግረሲቭ ይሉታል። ክብ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አራት ቀለሆች ይቆማሉ፤ እጀታውን አንዴ ስትስበው አንዱ ጸድቶ መለኮሻ ይቀበላል፣ አንዱ ባሩድ ይቀበላል፣ አንዱ ላይ አረር ይቀመጣል፣ አራተኛው አፉ ተጣብቆ ይደፈንና ይወድቃል። በየስበቱ አንድ ያለቀ ጥይት። ሌላው ሰው ሁለት ቀን የሚፈጀውን በአንድ ሰዓት መጨረስ ይቻላል። ይህን ስነግራቸው ኦም ኩስ ተነፈሱ።

«ፕሮግረሲቩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክቡን ራሱ ያዞረዋል፣ አምስት ቦታም ስላለው በአንዱ ላይ ባሩድ ሲበዛ ወይም ሲያንስ የምትጮህ ደወል ይገባለታል። እሱ በመርከብ ላይ ነው፤ በዚህ ኮሮና ሦስት ወርም ሊቆይ ይችላል። አሁን ያለኝ ክቡን በእጅ የሚያዞሩት ነው።»

«በእጅ የሚዞረው ምን ችግር አለው?»

«ምንም። ጠንካራ ነው፣ የልጅ ልጅህ ይሠራበታል። ግን ስበህ ስትመልስ ክቡን በአውራ ጣትህ ካላዞርከውና ደግመህ ከሳብከው፣ ያው ቀለህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ይቀበላል። ባሩዱ ትንሽ ስለሆነ እጥፉም ቀለሁ ውስጥ ይገባል፣ አይፈስም። አረሩ ከተደፈነበት በኋላ ከጎረቤቱ አይለይም። የሚለየው ሲተኮስ ነው።»

«ሲተኮስ ምን ይሆናል?»

ኦም ኩስ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሌባ ጣታቸው ጫፍ የለም። የራሳቸው ጥፋት ይሁን የሌላ አልጠየቅኳቸውም።

«ወይ ሦስት ወር ጠብቅ፣ ወይ ይቺን ቀርፋፋዋን ውሰድ» አሉ። «የእጁን እወስዳለሁ ካልክ ግን ስትሠራ በክፍሉ ውስጥ ካንተ አውራ ጣት በቀር ማንም አይኑር።»

በሥራዬ ኮራሁ። በቀን ስንት መቶ ሐኪም ማዘዣ የማነብ፣ አንድ ክኒን ተሳስቼ የማላውቅ ሰው አውራ ጣቴን ልረሳ ነው? የእጁን ወሰድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬ፣ የተባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ፕሬሱን ጋራዡ ውስጥ አሰርኩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ እንከን ሠራሁ። መሳብ፣ መመለስ፣ ማዞር፣ ቀለሁ ውስጥ ማየት፣ አረር ማስቀመጥ። ሠናይት በሞላሁት ጥይት ተኩሳ ስትመለስ መኪና ውስጥ ዘፈን አዜመች። ቤታችን ወደ ራሱ የተመለሰ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጋራዡን ለአየር ብዬ ከፍቼ ስሠራ፣ ጋሽ ሎምባሞ ጥላቸው ቀድሟቸው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሎምባሞ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ያው የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ ከከፈቱ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሠናይትን ሳገባ ቤተሰቦቿ ቪዛ ስላላገኙ በአባቷ ቦታ ቆመው እጇን ይዘው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ በስልክ ካልሆነ በአካል አግኝቻቸው አላውቅም ነበር።

እጀታው በእጄ፣ ወደ ታች እንደተሳበ ነበር። ብድግ አልኩ።

«ኖር ጋሼ!»

«በእግዚአብሔር! ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ በሞቴ ተቀመጥ!»

መቀመጥ እንዴት ይታሰባል። ክርን ለክርን ተነካካን፣ ሳቅን፣ ወንበር አቀረብኩላቸው። ሳል ይዟቸው ነበርና ከቤት መድኃኒት አምጥቼ ሰጠኋቸው። «ሥራህን አታቋርጥ፣ እኔ እያየሁ እጫወታለሁ» ቢሉኝ ተቀምጬ እጀታውን ያዝኩ። ስለ ሱቃቸው፣ ስለሚቆረጠው መብራት፣ ስለ ታመሙ ሰዎች እያወራን ቀሪውን ሠራሁ። ያለቁትን ሁሉ እንደ ወትሮው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሦስት መቶ ያህል ይሆናሉ። ከመካከላቸው የትኛው መቼ እንደተሠራ የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም።

ቅዳሜው የሠናይት ተራ ነበር። ከቆርቆሮው አንድ መቶ ያህል ዘግና ወደ ትንሽ ሳጥን ገለበጠች። በኮሮናው ደንብ ወደ ተኩስ ሜዳው የሚገባው ተኳሹ ብቻ ስለነበር እኔ ከአጥሩ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረሁ። የተኩሱ ድምፅ ይሰማኛል፤ ስድስት ሰባት ሰው ነው የሚተኩሰው፣ የትኛው የሷ እንደሆነ አይለይም። ስልኬ ጠራ።

«ዶክተር! ተባረክ፣ ተባረክ። ሳሉ እኮ ለቀቀኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ደግሞ ረሳሁት፣ ሰሞኑን ሲከነክነኝ ነው የሰነበተው። ያቺ መኪናህ እንዴት ያለች ተአምር ናት! አሠራሯን ልብ ብዬ ሳይ ነበር። ስበህ ስትመልስ ሁልጊዜ ክቧን በአውራ ጣትህ ታዞራታለህ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ለኔ ተነስተህ ሰላም ካልከኝ በኋላ ስትቀመጥ ግን መጀመሪያ ሳታዞራት ሳብካት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ አዞርካት። እና የመጀመሪያዋ ለምን ተለየች? ምስጢር አላት?»

ያቺን ቅጽበት በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት። እጀታው ተስቧል፣ ባሩዱ ወርዷል። እኔ ብድግ ብያለሁ፣ እጀታው በራሱ ተመልሷል። ተመልሼ ስቀመጥ ዓይኔ እሳቸው ፊት ላይ ነው፤ አዲስ ሥራ የጀመርኩ መስሎኝ ሳብኩት። ቀለሁ ውስጥም አላየሁም። ሽማግሌ እያናገረህ አንገት ደፍቶ ጉድጓድ ማየት ነውር ነዋ።

«ዶክተር? አለህ?»

«ጋሼ፣ ልደውልልዎት» ብዬ ዘጋሁ።

ለሠናይት ደወልኩ። እዚያው መኪናው ውስጥ፣ የፊት ወንበር ላይ ጠራ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ሮጥኩ። በሩ ላይ ሲፎ የሚባለው ጥበቃ የሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ደገነ። ከዚህ ቀደም በየጊዜው ስመጣ የማውቀው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ሊንዳ፣ ባባ» አለኝ፤ ቆይ ማለቱ ነው። «መጀመሪያ ሳኒታይዘር፣ ከዚያ ስምህን ጻፍ። ደግሞ ተኳሽ ካልሆንክ አትገባም።»

«ሚስቴ ውስጥ ናት።»

«አውቃለሁ። ትወጣለች።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። የተኩስ ሜዳ ደንብ አንድ ነው፤ አደጋ ያየ ማንም ሰው «ተኩስ አቁሙ!» ብሎ መጮህ ይችላል፣ ሁሉም ያቆማል። ሥልጠናው ላይ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናውም ላይ ጽፌዋለሁ። ሲፎን ገፍቼ እየጮህኩ መግባት እችል ነበር። ግን ውስጥ ያሉት ሁሉ የታጠቁ ናቸው፣ ሁሉም ጆሯቸውን ሸፍነዋል፤ ማስክ ያጠለቀ ጥቁር የውጭ አገር ሰው እየጮኸ ከኋላቸው ሲሮጥባቸው ምን ያደርጋሉ ብዬ አሰብኩ። ምናልባት አምስት ሴኮንድ ቆሜአለሁ። በነዚያ አምስት ሴኮንዶች ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ነበር፤ በያንዳንዱ ድምፅ የሷ እጅ ይታየኝ ነበር። ሕጻናትን የምትወጋበት፣ ደም ሥራቸውን በመዳሰስ ብቻ የምታገኝበት እጅ።

«ሲፎ፣» አልኩት፣ «የምትተኩሰው ጥይት የተበላሸ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሲፎ አየኝ። መለኪያውን ዝቅ አደረገ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ ዘወር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ በመዳፉ መታው። ሳይረኑ ጮኸ፣ ቀይ መብራት ዞረ፣ ተኩሱ እየተቆራረጠ ሄዶ ቆመ።

ሠናይት የጆሮ መሸፈኛዋን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ ከሜዳው ኃላፊ ጋር ወጣች። ሁለት እጇንም አየሁ። አጥሩን ተደገፍኩ።

«ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ?» አለችኝ።

ነገርኳት። በአማርኛ ነበር የምነግራት፣ ኃላፊውና ሲፎ ግን ፊቷን እያዩ ሁሉንም የገባቸው ይመስለኛል።

«የትኛዋ ናት?» አለች።

«አላውቅም።»

«ከተኮስኳቸው ውስጥ አንዷም እንግዳ ሆና አልተሰማችኝም። እንግዲያው ገና አለች።»

ኃላፊው ሽጉጡን አራግፎ፣ ያልተተኮሱትን በፕላስቲክ አሽጎ ሰጠን። መኪና ውስጥ ዘፈን አልነበረም።

የተደፈነ ጥይት መፍታት ከመሙላቱ አሥር እጥፍ ያስቸግራል። ክብደቱን መዝኖ መለየትም አይቻልም፤ ቀለሆቹ ራሳቸው ስለሚለያዩ ልዩነቱ ይጠፋል። ያለው መንገድ አንድ ነው። መዶሻ የሚመስል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አንዷን ጥይት አስገብቶ፣ አረሩ ተነቅሎ ባሩዱ እስኪፈስ ድረስ እንጨት ላይ መምታት። ከዚያ ባሩዱን መመዘን። ከዚያ ሌላዋን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው፤ እኔ ሳፈስ ሚስቴ አብራኝ ለቀመች።

መጀመሪያ ከሜዳው የተመለሱትን ያዝን። እኔ እመታለሁ፣ እሷ ትመዝናለች። አልተቀየመችኝም ልል አልችልም። ሲመሽ እነዚያን ጨረስን። ሁሉም ትክክል ነበሩ። ከመካከላቸው የለችም።

«ምናልባት ጋሽ ሎምባሞ ተሳስተው ይሆናል» አልኳት።

«ጋሽ ሎምባሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከፍርግርግ ጀርባ ሆነው የሰው እጅ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። አይሳሳቱም። ቆርቆሮውን አምጣው።»

እሑድ ከቁርስ ጀምረን ቆርቆሮውን ያዝን። መዳፌ ተላጠ፤ መዶሻውን ወስዳ እሷ ትመታ ጀመር። ከሰዓት በኋላ አንዷን መትታ ሳህኑ ላይ ስትገለብጥ እጇ ቆመ። ሳህኑ ላይ ያለው ክምር ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ሚዛኑ ላይ አደረግነው። ልክ እጥፍ ነበር። አንዲት ቅንጣት አላነሰችም፣ አልበለጠችም፤ መኪናው ያዘዝኩትን ነው የሠራው።

ሁለታችንም ብዙ አየነው። ከዚያ ሠናይት ማስታወሻ ደብተር የምታነብ በሚመስል ድምፅ እንዲህ አለች፦ «የትላንቶቹን እኔ ዘግኜ ወሰድኩ። ቆርቆሮው ውስጥ የቀሩት ለሚቀጥለው ተራ ነበሩ። ይቺ የኔ አልነበረችም፣ ያንተ ነበረች።»

ቅዳሜ ሙሉ የሷን እጅ እያሰብኩ ነበር የፈራሁት። የራሴ እጅ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ያን ጊዜ ግን አየሁት፤ የተላጠ መዳፍ፣ አምስት ጣት። ወደ ውስጥ ገብቼ ታጠብኩና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ኦም ኩስ ጋ ሄድኩ። ክቡን ራሱ የሚያዞረው ፕሬስ፣ ከነደወሉ፣ በስንት ጊዜው ደርሶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። «ያን እቀይራለሁ» አልኳቸው። የሆነውን ስነግራቸው «ብዬህ ነበር» አላሉም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እጀታውን ለምን ለቀቅከው?»

«ሽማግሌ ገባ። በኛ ባህል ይነሳል።»

«በኛም ይነሳል» አሉ። «ይኼን ብሸጥልህ፣ ሰውየው ደግመው ቢመጡስ?»

አሰብኩ። መዋሸት አልቻልኩም። «እነሳለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ላንተ የሚሆን መኪና የለኝም» አሉና መስኮቱን ወደ ማጽዳት ዞሩ።

ቤት ስመለስ ለሠናይት ነገርኳት። ሳቀች፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «አንተ እኮ» አለችኝ፣ «ጋሽ ሎምባሞን ‹ስሠራ አልነሳልዎትም› ከምትላቸው ሌላ መኪና መግዛት ቀለለህ።» እውነቷን ነው። በፋርማሲው ማንም ሽማግሌ ቢመጣ ክኒን ከመቁጠር አልነሳም፤ መስታወቱ በኔ ፈንታ ይነግርልኛል። ጋራዡ ውስጥ ግን መስታወት የለም። በራሴ አፍ መናገር ነበረብኝ።

ዲፕስሉት ሄድኩ። ጋሽ ሎምባሞ ከብረት ፍርግርጋቸው ጀርባ ሆነው አንዲት ሴትዮን በዙሉ «ሳውቦና ማማ» ብለው ሰላም እያሉ ዳቦ ያቀብላሉ። ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠብቄ፣ በፍርግርጉ በኩል ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ሳህኑ ስነግራቸው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ሠናይትን እኮ በእጄ ነው የዳርኳት» አሉ።

«የኔ ጥፋት ነው ጋሼ። የእርስዎ ጥያቄ ነው ያተረፈን። ግን ከእንግዲህ… ከእንግዲህ እጀታው በእጄ እያለ ቢመጡ፣ አልነሳም። ሰላምም አልልዎትም።»

ከሳጥኑ ተነስተው ዳቦዎቹን መደርደር ጀመሩ። የተቀየሙ መሰለኝ፤ ያን ድርደራ ከሳይረኑ በፊት ከነበረው አምስት ሴኮንድ ባልተናነሰ ፈራሁት። ከዚያ ፍርግርጉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ዛሬ ስትመጣ ወጥቼ አቀፍኩህ?»

«አይ።»

«ለምን?»

«በሩን መክፈት አደጋ አለው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ስትመጣ በፍርግርግ ነው ሰላም የምልህ። ተቀይመኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ እኔን ምን ነክቶኝ እቀየማለሁ?» አሉና በፍርግርጉ ቀዳዳ አንድ ለስላሳ አቀበሉኝ።

ብዙዎቻችሁ ጥይት አትሞሉም፣ ባትሞሉም ይሻላል። ግን ሁላችሁም ከእጃችሁ የማይለቀቅ አንድ እጀታ ይኖራችኋል፤ መሪ ይሁን፣ መርፌ ይሁን፣ ምጣድ ላይ የጣዳችሁት ዘይት ይሁን። ክብር ማለት ሰው በገባ ቁጥር መነሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንግዳው እንዲያውቅ አስቀድሞ መንገርም ክብር መሆኑን ያወቅኩት አንዲት ሳህን ላይ ነው። ኦም ኩስ በኋላ መኪናውን ሊቀይሩልኝ ፈቃደኛ ነበሩ፤ እኔ ግን የእጁን አስቀረሁት። ቆርቆሮውን ትቼ ሃምሳ ሃምሳ የሚይዙ ሳጥኖች ገዛሁ፣ በየሳጥኑ ላይ ቀን እጽፋለሁ። ተኩስ ሜዳ በሄድኩ ቁጥርም ሲፎ ሳይጠይቀኝ ሳኒታይዘሩን እቀባለሁ።

ከወራት በኋላ፣ እገዳው ላላ ሲል፣ አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ እየሠራሁ ጥላ በሩ ላይ ወደቀ። ቀና አላልኩም፤ ጥላውን ግን አወቅኩት። ትከሻዬ ለመነሳት ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ሳብኩ፣ መለስኩ፣ አዞርኩ፣ ቀለሁ ውስጥ አየሁ። መለኮሻዎቹ እስኪያልቁ ሠላሳ ያህል ጥይት ይቀሩኝ ነበር። ጥላው አልተነቃነቀም፣ አልሳለም፣ ወንበርም አልሳበም።

የመጨረሻዋ ስትወድቅ ክቡን ባዶ አድርጌ፣ ባሩዱን ከድኜ፣ እጀታውን አስሬ ብድግ አልኩ። ጋሽ ሎምባሞ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ደጃፉ ላይ እንደ ቆሙ ነበሩ።

«ኖር ጋሼ!»

«በእግዚአብሔር» አሉ። «አሁን ልግባ?»